ትንፋሽ ያጣ ፍሪሲዮን

የዕለቱ ንባብ፦ ማርቆስ 6፥30–46፤ ማቴዎስ 11፥28–30



ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር የተገኘው ከመኪና ወለል፣ ከሾፌር ግራ እግር ሥር ነው። መኪና የማትነዱም አብራችሁኝ ቆዩ፤ ነገሩ ከባድ አይደለም። ሞተር አንዴ ከተነሣ መዞሩን አያቆምም፤ ጎማ ግን መቆም የሚገባው ጊዜ አለ። የሚዞረውን ከቆመው ጋር የሚያገናኘውም የሚያለያየውም ፍሪሲዮን ነው። ቃሉን የወረስነው ከጣሊያኖች ነው፤ በቋንቋቸው «ፍትጊያ» ማለት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩና ማርሹ ይለያያሉ። ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ ደግሞ ሸራ የለበሰው ዲስክ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ብረት ጋር መፋተግ ይጀምራል፤ መኪናው ትንሽ ይንቀጠቀጥና ፊቱ ቀና ይላል። ሾፌሮች «ያዘ» የሚሉት ያንን ቦታ ነው። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ፍትጊያው ያበቃል፤ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ይዞራሉ።

ይህን የምጽፈው ስለ መኪና ለማስተማር አይደለም። በአገልግሎት፣ በትዳር፣ በሥራ «እየለፋሁ ነው፣ ግን አልሄድም» ለምትሉ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ እወጣለሁ። በዚያ ያሉ ወንጌላውያን አማኞች ጥቂቶች ናቸው። በየከተማው ተበታትነው ስለሚኖሩ፣ እነርሱን መጠየቅ ማለት መንገድ ማለት ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ከደብረ ታቦር በኋላ የጉናን ትከሻ ይዞ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ ይዘልቃል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራላቸውን ሴባስቶፖልን እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱትም በዚሁ ደጋ በኩል ነው። ይህ አገር አቀበትንም ሸክምንም ያውቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ መንገድ ስንጓዝ አሮጌዋ ፒካፓችን አቀበቱ ላይ ለገመች። አብሮኝ የነበረው በእነዚህ ወረዳዎች የሚያገለግል ወጣት ወንጌላዊ ነው። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ሜዳ ላይ ምንም አልነበረባትም። የተገለጠው ሸክሙና አቀበቱ ሲገናኙ ነው። ቆመን አቀዘቀዝናት፤ ከዚያም ቀስ እያልን ንፋስ መውጫ ደረስን።

እዚያ ያገኘነው መካኒክ መሣሪያ እንኳ ሳያነሣ ወደ ጋቢናው ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ፔዳሉን በእግርዎ ሳይሆን በእጅዎ ይጫኑት፤ ቀስ ብለው» አለኝ።

ተጫንኩት።

«ምን ተሰማዎት?»

«ወዲያው ጠነከረብኝ።»

«አዩ! ትንፋሽ የለውም። እርስዎ እግርዎን አንሥተዋል፤ መኪናዋ ግን ያነሡ አይመስላትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ፔዳል ሲነካ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ባዶ መንገድ አለው፤ የሚገፋው ነገር የለም፣ በጣት ይወርዳል። ተቃውሞ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ባዶ መንገድ በብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ በድሮዎቹ ቮልስዋገኖች ደግሞ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንድ ጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ሲጠፋ ኩሽኔታው ያለማቋረጥ ይገፋል፤ ዲስኩን ጨምቆ መያዝ የሚገባው ሞላም ሙሉ ኃይሉን አያገኝም። ስለዚህ ዲስኩ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። በካቦ በሚሠሩ መኪናዎች ሸራው ባለቀ ቁጥር ይህ ክፍተት በራሱ እየጠበበ፣ «ያዘ» የሚባለው ቦታም ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። በእኛ ፒካፕ ላይ ደግሞ ከዚያ በፊት የሠራት ባለሙያ ፔዳሉ ቶሎ እንዲይዝ ብሎ ካቦውን እስከ መጨረሻው ወጥሮት ነበር።

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገባ። መቆለፊያውን ዳዶ ፈታ፤ ማስተካከያውን ጥቂት ዙር መልሶ አላላ፤ ወጥቶ ፔዳሉን በጣቱ ለካ፤ ተመልሶ ገባና ቆለፈው። ከዚያ የእጅ ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ፔዳሉን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። «አሁን ይይዛል» አለ። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ቢሆን ሞተሩ መዞሩን ይቀጥል ነበር።

ያን ማታ ምግብ ቀርቦ ሳለ የወንጌላዊው ስልክ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ሦስቴም ተነሥቶ ወጣ። ተመልሶ ሲቀመጥ እንጀራው ደርቋል። ዝም ብሎ ቆየና «ፓስተር፣ በወሩ መጨረሻ አገልግሎቱን ልለቅ ወስኛለሁ። ለባለቤቴም ገና አልነገርኳትም» አለኝ።

ለአራት ዓመት በሦስቱ ወረዳዎች መካከል ሲመላለስ ኖሯል። ያስተምራል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ ሰው ሲሞት የቀብር ቦታ ለማግኘት ይሯሯጣል። «የእኔ» የሚላት አንዲት ቀን አልነበረችውም። «ስጸልይ አፌ ይጮኻል፤ ልቤ ግን ከቦታው አይነቃነቅም» አለ። «ኃጢአት ተገኝቶብኝ ይሆን ብዬ ራሴን መረመርኩ። ጾምኩ። ሌሊት መነሣት ጨመርኩ። ባሰብኝ።»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ልብ በሉት፦ ጨመርኩ፣ ባሰብኝ። በሚንሸራተት ፍሪሲዮን ላይ ነዳጅ መጨመር አቀበቱን አያስወጣም፤ ሸራውን ይጨርሰዋል። ጾምና ጸሎት ውድ ነገሮች ናቸው፤ የሞተሩን ኃይል አልንቅም። የዚያ ወንድም ችግር ግን ኃይሉ ሸክሙን በሚይዝበት ቦታ ላይ ነበር።

አብረን ማርቆስ 6ን ከፈትን። ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰው ያደረጉትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት። የሚመጣና የሚሄድ ሰው ስለ በዛ ምግብ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ እንዲመጡና ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው። በግሪኩ ማረፍ የሚለው ግስ «አናፓውኦ» ነው። በማቴዎስ 11፥28 ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ሲጠራ የገባላቸው ተስፋም በዚሁ ግስ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቁጥር 29 ላይ የሚመጣው ደግሞ ቀንበር ነው። ጌታ ያሳርፋል፣ ቀንበርም ያሸክማል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ያረፈ ትከሻ ቀንበሩን ሳይንሸራተት ይይዛል።

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ግን ፓስተር፣ ሕዝቡ እኮ ሮጦ ቀደማቸው። ዕረፍቱ መች ተገኘ?» እውነቱን ነው። ጌታ ሕዝቡን አይቶ አዘነላቸው፤ አስተማራቸው፤ አምስት ሺህ ወንዶችን መገበ። ዕረፍቱ በጀልባ የተሻገሩባትን ሰዓት ያህል ብቻ ሆነች። ይሁን እንጂ ምዕራፉን አንብቡት፤ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ጌታ ሕዝቡን አሰናበተና ሊጸልይ ብቻውን ወደ ተራራ ወጣ። ክፍተቷ ጠበበች እንጂ አልጠፋችም። እርሱ ራሱ ጠበቃት። ቀኑን ሙሉ እንተኛ የሚል ትምህርት ከዚህ ምዕራፍ አይወጣም። በፔዳሉም ቢሆን ክፍተቱ ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ዜሮ አይደለም።

በሌላ በኩል ክፍተቱ ከመጠን በላይ የሰፋ ፔዳልም አለ። ወለል እስኪነካ ቢረገጥ እንኳ ሞተሩንና ማርሹን በደንብ አያለያይም፤ ማርሽ ሲገባ ይንገጫገጫል። በዕረፍት ስም ከኃላፊነት ሁሉ የሸሸ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የተሰጠውን ሥራ በነካ ቁጥር ይንገጫገጫል። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ መስተካከሉ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሾፌሩ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳበት ነው። ረገጥኩ አይልም፤ ግን አልለቀቀም። ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን ዓይናችን ስልኩ ላይ ሲሆን እግራችን እዚያው ፔዳል ላይ ነው። ቤትም አልገባን፣ ሥራም አልሠራን፤ ሸራው ግን ያልቃል።

የሙሴ አማት ዮቶር ይህን በአንድ ቀን ተመልክቶ ተረድቶታል። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ፣ አንተም ትዝላለህ፣ ሕዝቡም ይዝላል የሚል ምክር ሰጠው (ዘጸአት 18)። አገልጋይ ሲቃጠል ሽታው ከኋላ የተቀመጡትንም ያፍናል።

ለወንድሜ «በርታ» ብዬ አልተለየሁትም። ከላከችው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥን፤ መስተካከል የሚገባው ነገር የእርሱ ብቻ አልነበረምና። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩ ባለቤቱ ዘንድ እንዲቀመጥ ተስማማን፤ ነፍስ የያዘ ጉዳይ ካልሆነ እርሷ ትመልሳለች። የስማዳውን በኩል ሌላ ወንድም ተረከበ። በየሦስት ወሩ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ራሱ ይጠይቀዋል። ዛሬም ይደክማል፤ አገሩ አቀበት ነውና። ነገር ግን አልለቀቀም። ባለፈው ስንገናኝ ያወራልኝ ስለ ልጁ ፊደል መቁጠር ነበር። ያን ዓይነት ወሬ ከእርሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ሸራው ፈጽሞ ያለቀ ፍሪሲዮን ዳዶ በማዞር አይድንም፤ መኪናው ይቆማል፣ ማርሹ ይወርዳል፣ ዲስኩ ይቀየራል። እንቅልፍ ያጣችሁ፣ የመኖር ፍላጎታችሁ የደበዘዘ ወገኖች ካላችሁ፣ አንድ የዕረፍት ቀን አይበቃችሁም። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍና እንጎቻ ነበር፤ ተግሣጽ አልሰጠውም (1 ነገሥት 19)። መታከምን የእምነት ጉድለት አታድርጉት።

እምነትን ገና ከውጭ ሆነህ የምትመረምር ወዳጄም፣ ምናልባት ክርስትና ተጨማሪ ጭነት መስሎህ ይሆናል። ወደ ኢየሱስ የሚጠራው ድምፅ የሚጀምረው ከማሳረፍ መሆኑን ማቴዎስ 11 ላይ ራስህ አንብበው።

መስተካከል በሜዳ ላይ፣ ሞተር ጠፍቶ ይሻላል፤ አቀበቱ መሐል አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ጥያቄዎችን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ሸክሜን ከላዬ ሳወርድ በእውነት ይወርዳል? ወይስ እግሬ ብቻ ነው የተነሣው? መልሱን ለብቻችሁ አትያዙት፤ አብሯችሁ ከሚኖረው ሰው ጠይቁ፤ ሽታውን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ሥራህን ከእጃችን እንዳንጥል፣ አንተን ተክተንም ሌት ተቀን እንዳንገፋ ጥቂት ክፍተት ስጠን። በአቀበቱም ላይ የምንይዝ አድርገን። አሜን።