ከድሬ ወደ ባሕር ውስጥ፦ ቦታውንና የሚያጠልቀንን ሰው ስንመርጥ

ረዘም ያለ ፖስት ነው፣ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

አራት ጓደኛሞች ነን፣ ሁላችንም የሳቢያን ነዋሪዎች። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን "በዕድሜያችን አንድ ጊዜ እንኳ ባሕር ውስጥ ገብተን እንይ" ብለን ተነስተናል። ዳር ላይ ቆሞ እግር ማስነካት ሳይሆን ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅ፣ ስኩባ ዳይቪንግ የሚሉትን። ለሰው ስንነግር ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ "በየትኛው ውሃ አቦ?" ይላል። እውነታቸውን ነው። እኛ ድሬዎች ውሃን የምናውቀው በጀሪካን ነው። አለዚያም በ1998 ዓ.ም ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ ነው። ለዚህ ነው ነገሩን እንደ ሽርሽር ብቻ ያላየነው።

መጀመሪያ የተጣላነው በቦታው ነው። አንዱ ግብፅ አለ። ሁርጋዳና ዳሃብ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ኮራሉ ከባሕሩ ዳር ይጀምራል፣ አስተማሪውም ብዙ ስለሆነ ዋጋው ይወዳደራል። ሌላው ዛንዚባር አለ። ሦስተኛው ደግሞ ምጽዋና ዳህላክን አነሳ፤ ልባችን ሁላችንም እዚያ ነው፣ ግን አሁን ባለው ሁኔታ ለዕረፍት የሚታሰብ አይደለም። ግብፅም ዛንዚባርም አውሮፕላን ይፈልጋሉ፤ የአራት መምህርና ነጋዴ ቁጠባ ገና ትኬቱ ላይ ያልቃል።

እኔ ጂቡቲ አልኩ። ከድሬ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አያቶቻችን በፍራንኮች ባቡር ሲመላለሱበት የኖሩት መንገድ ነው፤ ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከተማችንም በዚያው ተወለደች ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ። ግን ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ የሚባለው ዳርቻ አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። በዓለም ትልቁ ዓሣ ይሄ ነው። ሻርክ ሲባል አትደንግጡ፤ የሚበላው በዓይን የማይታይ ፕላንክተንና ትንንሽ ነገር ነው። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፣ ከ3 እስከ 6 ሜትር የሚሆኑ። ወደ ውሃው ወለል ቀርበው ስለሚመገቡ እነሱን ለማየት ሲሊንደር እንኳ አያስፈልግም፤ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር የት ይገኛል?

ቅር የሚያሰኘው ዋጋው ነው። የጂቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር ወደ 178 ፍራንክ። የኛ ብር ከ2016 ሐምሌ ወዲህ የሆነውን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ በዶላር ጠይቁና ራሳችሁ አስሉ። ጀልባው፣ ዕቃው፣ ምሳው፣ አስተማሪው አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ? "ርካሽ ነው" ተብሎ ጫማው፣ ልብሱ፣ ሲሊንደሩ አንድ በአንድ የሚጨመርበት አለ።

ቦታው ሲያልቅ ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ማን ነው ይዞን የሚገባው? ብዙ ቦታ በቴሌግራምና በስልክ ጠየቅን። አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ዋና ባትችሉም ችግር የለውም፣ እኛ እንይዛችኋለን፣ ዛሬውኑ ቀብድ ላኩ" አለን። እዚያው ላይ ተውነው። ዋና መቻልህን ሳይጠይቅ ባሕር ውስጥ የሚያስገባህ ሰው ሌላ ምን ሳይጠይቅ ቀርቷል?

ምክንያቱን ፊዚክስ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከላይ ያለው አየር ግፊት 1 አትሞስፌር ነው። 10 ሜትር ስትወርድ 2 ይሆናል፣ 20 ሜትር ላይ 3። የቦይል ሕግ እዚህ ጋ ሰሌዳ ላይ የሚቀር አይደለም። 10 ሜትር ላይ ሳንባህን ሞልተህ ትንፋሽህን ይዘህ ብትወጣ ያ አየር ወደ እጥፍ ሊያብጥ ይፈልጋል፤ ሳንባ ደግሞ ፊኛ አይደለም። የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ "ትንፋሽህን አትያዝ" የሆነው ለዚህ ነው። የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ ትንፋሹን መያዝ ነው። ያንን ድንጋጤ አስቀድሞ አይቶ የሚያረጋጋህ ሰው ነው የምትከፍለው፤ ለዓሣው አይደለም።

እኛ ለሁሉም የላክናቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፣ ገልብጣችሁ ተጠቀሙባቸው፦

1. አስተማሪው የየትኛው ማኅበር ነው? ፓዲ፣ ኤስኤስአይ፣ ሲማስ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ቁጥሩን ጠይቁና ማኅበሩ ዘንድ አጣሩ። መንጃ ፈቃድ እንደማየት ነው፤ የሚቆጣ ካለ እሱን እለፉት።

2. በምን ቋንቋ ያስተምራል? ጂቡቲ ላይ ፈረንሳይኛ ይበዛል። ውሃ ውስጥ ምልክት ነው የምትነጋገሩበት፣ ምልክቱን ግን ላይ ሳላችሁ በሚገባችሁ ቋንቋ መማር አለባችሁ።

3. አንድ አስተማሪ ስንት ሰው ይይዛል? ለሙከራ ጠለቃ ከ4 ጀማሪ በላይ ለአንድ አስተማሪ ብዙ ነው።

4. የጤና ቅጽ ያስሞላል? አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ችግር፣ እርግዝና ካለ ሐኪም መጠየቅ ግድ ነው። ቅጽ የሌለው ቦታ አትግቡ።

5. ጀልባው ላይ ኦክስጅን፣ ሬዲዮና ለሁሉም የሚበቃ የሕይወት ጃኬት አለ? በነገራችን ላይ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ኦክስጅን አይደለም፣ የታመቀ ተራ አየር ነው። ኦክስጅኑ ለድንገተኛ ሕክምና ነው።

6. አየሩ ከከፋ ጉዞው ይሰረዛል? ገንዘቡስ ይመለሳል? ኅዳር 2017 ላይ ግብፅ ውስጥ ሲ ስቶሪ የምትባል ጀልባ ሰው ይዛ ቀይ ባሕር ላይ ሰጥማለች። ለመሰረዝ የማይፈራ ሰው ምረጡ።

7. ዌል ሻርኩ ጋ ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ? ሞተር ያጠፋሉ? ሰውን ያራርቃሉ? የሚመከረው ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር መራቅና አለመንካት ነው። ከመጥፋት አደጋ ውስጥ ያለ እንስሳ ነው። "ጀርባው ላይ ትወጣላችሁ" ያለን ሰው ነበር፣ እሱንም ሰረዝነው።

አሁን ደግሞ ለድሬና ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ የሚሆን፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልንገራችሁ። ስትጠልቅ ናይትሮጅን በግፊት ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቶሎ ሲከፈት የሚሆነውን አስቡ። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ይሆናል። ያ አረፋ ሰው ውስጥ ሲፈጠር መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ከጠለቁ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን ላይ አትውጡ የሚባለው፤ አንድ ጊዜ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት። ይሄ ምክር ግን ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም፣ ከ600 ሜትር በላይ ለሚወጣ ሁሉ ነው። ባቡራችን ከባሕር ወለል ተነስቶ አሊ ሳቢህ ሲደርስ ገና ጂቡቲ ውስጥ ሳለ ከ700 ሜትር አልፏል። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ማለት ነው። ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት ባቡር መያዝ የለም!

ስለዚህ ፕሮግራማችንን ገለበጥነው። ሁሉም አስጎብኚ የሚያቀርበው "መጀመሪያ ዌል ሻርክ፣ መጨረሻ ላይ ጠለቃ" ነው። እኛ ለገና ሄደን መጀመሪያው ቀን እንጠልቃለን፣ ሙሻ ደሴት አካባቢ። ሁለተኛውን ቀን ላይ ላዩን እየዋኘን ዌል ሻርክ እናያለን። ሦስተኛውን እናርፋለን፣ በአራተኛው ባቡር። አንድ የሆቴል አዳር ይጨምርብናል፤ ይጨምር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ታጁራ ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ በሰሜን በኩል ኦቦክ አለች። ልጆቻችን ወደ የመን የሚሳፈሩት ከዚያ ወገን ነው። በ2016 ዓ.ም መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ በግማሽ ወር ልዩነት፣ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ወገኖቻችንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ አካባቢ ሰጥመው በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ከአራታችን አንዱ "የኛ ልጆች በሞቱበት ውሃ ልንዝናና ነው?" አለ። ያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ብዙ ዝም አልን። መልስ የለኝም፣ ማለቴ የሚያሳርፍ መልስ የለኝም። ያለኝ ይሄ ነው፤ እነሱን ጀልባ ላይ የጫነው ሰውም "ችግር የለውም፣ ገንዘቡን ላኩ" ነው ያላቸው። ስንት ሰው ትጭናለህ፣ ጃኬት አለ ወይ፣ አየሩ እንዴት ነው ብለው የመጠየቅ አቅም አልነበራቸውም። እኛ አለን። መጠየቅ የሚችል ሰው ሳይጠይቅ ሲገባ ነው እኔን የሚያሳፍረኝ።

ያ ጓደኛችን ቀርቷል አላልኩም። ይሄዳል፣ ግን በፊት ዋና መማር አለብኝ ብሎ ከሦስት ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አራታችንም ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነን። ግቡ 200 ሜትር ሳያርፉ መዋኘትና 10 ደቂቃ ያለ ምንም ነገር መንሳፈፍ ነው፤ የጠላቂነት ኮርስ የሚጠይቀው እሱን ነው። እስካሁን ሁለታችን ደርሰናል። ለገና ያልደረሰ ሰው ሲሊንደር አያዝልም፣ ጃኬት አድርጎ ከጀልባው ያያል። ተፈራርመናል።

ድሬ ሆናችሁ ልጅ ያላችሁ፣ ገንዳ የምታገኙ ከሆነ ዋና አስተምሯቸው። ጂቡቲ ሄዳችሁ የጠለቃችሁ ካላችሁ ደግሞ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ ከላይ ካሉት ሰባት ጥያቄዎች የጎደለ ካለ። ለገና ገና ጊዜ አለን፣ ስምንተኛ እንጨምራለን።