ልጄን ያላቀፍኩበት ምሽት

ያን ቀን ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ስደርስ የአራት ዓመት ልጄ እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ሮጣ መጣች። እኔ ግን ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። "ቆይ እናቴ፣ መጀመሪያ ልታጠብ" አልኳት። ውኃ ጠፍቶ ስለነበር ከጀሪካን እየቀዳሁ ደጋግሜ ታጠብኩ።

ሥራዬ የቲቢ ባክቴሪያን በላቦራቶሪ ማሳደግ ነው። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 ያገኘው ይህ ባክቴሪያ ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ለሳምንታት አሳድገን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እንለያለን። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ በአክታው ውስጥ ጥቂት የነበረው እኛ ብልቃጥ ውስጥ ሚሊዮኖች ይሆናል። ስለዚህ ኤን 95 ጭምብል፣ ጓንትና ጋውን አድርገን፣ አየሩን ስቦ በሚያጣራ ካቢኔት ውስጥ እንሠራለን።

ያን ቀን ባልደረቦቼ ወጥተዋል፤ እኔም ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ከካቢኔቱ ያወጣሁት ብልቃጥ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረ። ደንቡን አውቀዋለሁ፦ ትንፋሽን ይዞ መውጣት፣ በር መዝጋት፣ ለኃላፊ መናገር፣ አየሩ እስኪጠራ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለመግባት። ሁሉንም አደረግኩ፤ ጀርም ገዳይ ኬሚካል አፍስሼም አጸዳሁ። መናገሩን ብቻ ዘለልኩት። "ዝርክርክ ናት" መባልን ፈራሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቲቢ በአየር እንጂ በእጅ ወይም በልብስ እንደማይተላለፍ ለስንቱ አስረድቻለሁ! ልጄን የሚያሰጋት እጄ አልነበረም። የሚያሰጋት ዝምታዬ ነበር፤ ባክቴሪያው ገብቶብኝ ሳላውቅ ብታመምና ከወራት በኋላ አጠገቧ ብስል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። "ጋሼ፣ ትናንት ብልቃጥ ሰብሬያለሁ።"

አልተቆጡኝም። የአደጋ መዝገቡን አውጥተው "ጻፊው ልጄ" አሉኝ። ምርመራው በዚያው ቀን ተጀመረ፤ ክትትሉ ወራት ወሰደ። ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ እንደማይታመም፣ ከመታመም በፊት የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒትም እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም የመጨረሻው ውጤት እስኪነገረኝ ልቤ አላረፈም። ደህና ነበርኩ።

ኢትዮጵያ ቲቢ ከጸናባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። እናንተም ቤት ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አትደብቁት። እኔ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ካቢኔቱን ከማሳየቴ በፊት መዝገቡን እከፍትላቸዋለሁ፤ ስሜ ያለበትን ገጽ።