ከተጠባባቂነት የመጣው ወርቅ

ምርጫ ሲባል የድምፅ ሣጥን ብቻ ትዝ ሊለን አይገባም፤ የብሔራዊ ቡድንም ምርጫ አለ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ የፓሪስን የኦሎምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ እኛም በደብረ ማርቆስ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ደስታው ሲበርድ ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ይህ ሰው ስለምን ተጠባባቂ ሆነ?

በመጀመሪያ የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. በኦሬገን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በጥቅምት 2016 የኒው ዮርክን ክብረ ወሰን የሰበረው ታምራት የገባው ሲሳይ በመጎዳቱ ነው።

መራጮቹን ለመውቀስ አልተነሣሁም። ሲሳይ የዚያው ዓመት የቦስተን አሸናፊ ነበር፤ ቀነኒሳም ቀነኒሳ ነው። ለሦስት ቦታ ብዙ ብቁ ሯጭ ባለበት አገር የትኛውም ምርጫ አንዱን ማስከፋቱ አይቀርም። የሚያሳዝነው ጭቅጭቁ ነው። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ አትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና ኦሎምፒክ ኮሚቴው በአደባባይ ሲወዛገቡ አይተናል፤ ከዚያ የተገኘውም ወርቅ የሰለሞን ባረጋ አንድ ብቻ ነበር።

ጥያቄያችን ቀላል ነው፤ መስፈርቱ አስቀድሞ ተጽፎ ይነገር፤ በስመ ጥሩውም በጀማሪውም ላይ እኩል ይሥራ። በጮቄ ተራራ ግርጌ ዳገት እየሮጠ የሚያድግ ልጅ «ሰዓቴ ይበቃኛል ወይስ ሰው ማወቅ አለብኝ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ዛሬ በሙሉ ልብ የሚመልስለት ማን ነው?