እኔና አኮርዲዮኔ

ሰው አንድን ዕቃ ከልክ በላይ ሲወድ ጎረቤት ይስቃል፤ ዕቃው ያረጀ ሲሆን ደግሞ ሳቁ ይበረታል። እኔም በመካነ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ በአንድ አሮጌ አኮርዲዮን ምክንያት ብዙ ተሥቆብኛል።

ተማሪዎች፣ አኮርዲዮን በደረት ታቅፈው የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። በቀኙ እንደ ፒያኖ ነጭና ጥቁር ቁልፎች፣ በግራው ክብ አዝራሮች አሉት። በመካከሉ ያለው ወናፍ ሲለጠጥና ሲታጠፍ አየሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን እያርገበገበ ድምፅ ይሰጣል። የእኔው ወናፍ ተቀድዶ ስለ ነበር ከዜማው ይልቅ ትንፋሹ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ወናፍ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ፣ ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ወሰድሁት። ሰውየው ዙሪያውን መርምሮ፣ «መምህር፣ ወናፍስ ወናፍ ነው፤ እሳቱ ወዴት አለ?» አለኝ። ሆኖም በስስ የፍየል ሌጦ ደፈነልኝ።

ክረምት ሲገባ እርጥበት ምላሶቹን እንዳያዝግብኝ ጋቢዬን ለእርሱ አልብሼ እኔ በነጠላ አድር ጀመር። ያከራዩኝ እናት ይህን አይተው፣ «አብሽር ልጄ፣ ሚስት ስታገባ ጋቢህን ታስመልስልሃለች» አሉኝ።

ይሁን እንጂ ልፋቱ ከንቱ አልነበረም። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። መሰንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይሻገራል። የአኮርዲዮን ቁልፍ ግን ድምፁ የተወሰነ ነውና መንሸራተትን አያውቅም። አምባሰልን ለመጫወት ጣቶችን በፍጥነት ማፈራረቅ፣ ወናፉንም ማለዘብ ያሻል። ለዚህም ስል መሰንቆ መቺዎችን በጥሞና ማዳመጥ ግድ ሆነብኝ። የአገሬን ዜማ በቅጡ መስማት ያስተማረኝ ያ ባዕድ መሣሪያ ነው።

እንዲህ ያለው ፍቅር የእኔ ብቻ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አወጣ። በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን በመኪናው ኋላ ይዞ፣ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ ይለማመድ ነበር። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም ወደ መድረክ ሲጠራው ጣቶቹ ዝግጁ ሆነው ቆዩት።

እናንተም በምትወዱት ነገር ቢሣቅባችሁ አትፈሩ። ነገር ግን «ይህ ፍቅር ምን ያሠራኛል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ዕለት ዕለት የሚያተጋ ፍቅር ቢያስቅም ዕውቀት ያተርፋል፤ የማያተጋው ግን ዕቃ ከመጠበቅ አያልፍም።