በዓይበቴ አፍ የተገኘው ብር



በሴፕቴምበር 2023 አንድ እሑድ በጉባኤያችን ፊት ቆሜ ምስክርነት ሰጥቼ ነበር። በምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊዋ ሥራዬን ወድዳ በሰዓት 30 ፔንስ ጨምራልኝ ነበርና ጌታን አመሰገንኩ፤ ጉባኤውም ከእኔ ጋር እልል አለ። ያ ጭማሪ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የ5,900 ፓውንድ ዕዳ ሆኖ በራፌን እንደሚያንኳኳ በዚያ ቀን ማን ነግሮኝ!

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ። የምኖረው ለንደን ነው። እናቴ 81 ዓመቷ ነው፣ የመርሳት በሽታ አለባት፣ የምትኖረውም ከእኛ ጋር ነው። አለብሳታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ ሌሊት ተነሥታ «ቤቴ ልሂድ» እያለች በሩን ስትነካካ እጇን ይዤ ወደ አልጋዋ እመልሳታለሁ። በዚህ አገር ሕመምተኛን በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚንከባከብ ሰው ኬረርስ አላውንስ የሚባል ድጎማ ይሰጣል። በ2023 መጠኑ በሳምንት 76 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ነበር። ከዚያው ጋር ትንሽ ሥራ መሥራት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የገቢ ጣሪያ አለው። በዚያ ዓመት ጣሪያው በሳምንት 139 ፓውንድ ነበር። ይህን ጣሪያ በአንዲት ፔንስ ያለፈ ሰው የሚያጣው ያችን ፔንስ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ሳምንት ድጎማ በሙሉ ያጣል።

እኔ በሳምንት 13 ሰዓት እሠራ ነበር። በሰዓት 10 ፓውንድ ከ42 ፔንስ ሲከፈለኝ ከጣሪያው በታች ነበርኩ። 30 ፔንሷ ስትጨመር ግን የሳምንቱ ደመወዜ 139 ፓውንድ ከ36 ፔንስ ሆነ። ያለፍኩት በ36 ፔንስ ነው። በኤፕሪል 2024 ጣሪያው ወደ 151 ፓውንድ ከፍ አለ፤ የእኔም ደመወዝ አብሮ ጨምሮ 152 ፓውንድ ከ62 ፔንስ ሆነ። አሁንም በ1 ፓውንድ ከ62 ፔንስ አለፍኩ። እኔ ይህን አላሰላሁም፤ ገንዘቡም እንደ ወትሮው መግባቱን ቀጠለ።

በፌብሩዋሪ 2025 ቡናማው ፖስታ መጣ። የ74 ሳምንት ድጎማ ያለ አግባብ ተከፍሎሻልና 5,900 ፓውንድ ከ95 ፔንስ መልሺ ይላል። ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያም እግሬ ከዳኝና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጣሪያው በላይ ያገኘሁት ቢደመር 81 ፓውንድ አይሞላም።

ያን ቀን ያደረግኩትን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ደብዳቤውን የጤፍ ዱቄት በማስቀምጥበት ባልዲ ሥር ደበቅኩት። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ፈገግ ብዬ እራት አቀረብኩ። በእኛ ማኅበረሰብ «ቤኔፊት አጭበርብራ ተያዘች» የምትል ወሬ ከቡና ወደ ቡና ስትዞር ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ በሴቶች ኅብረት ጸሎት የምመራ ነኝ። በወሩ የጌታ እራት ዕለት እናቴን አመካኝቼ ቤት ቀረሁ። ስጸልይም ስለ ሌላ ሰው እጸልያለሁ እንጂ ያችን ፖስታ ከባልዲው ሥር አውጥቼ በጌታ ፊት ለመዘርጋት አልደፈርኩም። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ደብዳቤው ላይ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ የተሰጠኝ ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበር።

እናቴ አገር ቤት ሳለች የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበረች። ዛሬ እኔን በሟች እኅቷ ስም ትጠራኛለች፤ ምሳ መብላቷንም ታጣብኛለች። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ግን ከልቧ አልጠፋም። አንድ ማታ እግሯን እያጠብኳት ሳለሁ በፊቷ ልጆች የተቀመጡ ይመስል የዮሴፍን ወንድሞች ታሪክ ጀመረች። በረሀቡ ዘመን እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ ወረዱ። ሲመለሱ አንዱ ለአህያው ገፈራ ሊሰጥ ዓይበቱን ቢፈታ፣ የከፈለው ብር በዓይበቱ አፍ አለ። ቤት ደርሰው ሁሉም ዓይበታቸውን ሲያራግፉ የሁሉም ብር ተመልሶ ተገኘ። አባትም ልጆችም ፈሩ።

«ከዚያ እህሉ ሲያልቅ ያዕቆብ ምን አላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንጃ እማዬ።»

«ብሩን መልሱት አላቸዋ! ምናልባት ሰዎቹ ተሳስተው ይሆናል አላቸው» ብላ ሳቀች። እኔ ፎጣውን እንደ ያዝኩ አለቀስኩ።

ያን ሌሊት ዘፍጥረት 42ን እና 43ን ደጋግሜ አነበብኩ። በእነዚያ ምዕራፎች ውስጥ እኔን አገኘሁ። እነዚያ ሰዎች ብሩን አልሰረቁም፤ ብሩ ግን በእጃቸው ነበር። ያዕቆብ ልጆቹን ሌቦች አላላቸውም፤ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ነገር ግን ስሕተት ነው ብሎ ብሩን አላስቀረውም። ለአዲሱ እህል ሌላ ብር እንዲይዙ፣ የቀደመውንም እንዲመልሱ አዘዛቸው። ለእኔ እነዚህ ሁለቱ አብረው የሚሄዱ አይመስሉኝም ነበር። ወይ ጥፋተኛ ነኝና ልደበቅ፣ ወይ ጥፋት የለብኝምና አልከፍልም፤ ከእነዚህ ሌላ መንገድ አይታየኝም ነበር። ሽማግሌው ያዕቆብ ግን በመካከላቸው ሦስተኛ መንገድ አሳየኝ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በሩ ላይ የሆነው ነው። ወደ ዮሴፍ ቤት ሲወሰዱ፣ በዚያ ብር ምክንያት ባሪያ ሊያደርጉን፣ አህዮቻችንንም ሊወስዱብን ነው ብለው ፈሩ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ከዕዳው ጋር አህያውንም ይቆጥራል። እኔም ዳኛ ፊት ስቀርብ፣ እናቴን ሲወስዱብኝ፣ ስሜ ሲጠፋ በሐሳቤ አይቼ ጨርሼ ነበር። እነርሱ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ገና ደጁ ላይ ሳሉ ወደ ቤቱ አዛዥ ቀርበው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። የመጣላቸውም መልስ የሰላም ቃል ነበር፤ አትፍሩ ተባሉ።

በማግሥቱ ባልዲውን አነሣሁና ደብዳቤውን ለባለቤቴ ሰጠሁት። አንብቦ ዝም አለ። «ሦስት ሳምንት ብቻሽን ተሸከምሽው?» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። አመሻሹ ላይ አብረን በቤተ ክርስቲያናችን የሂሳብ ሥራ ወደምታውቅ አንዲት እኅት ሄድን።

በዚያን ጊዜ እኔ የራሴን መልስ ጽፌ ጨርሼ ነበር። «ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው፣ ሁሉንም እከፍላለሁ» የሚል ነው። ትሕትና መስሎኝ ነበር። እኅታችን ግን የደመወዝ ወረቀቶቼን በሙሉ አምጪ አለችኝ። አንድ በአንድ አየቻቸውና «ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ እኮ ጡረታ ይቆረጥብሻል!» አለች። እውነትም በሳምንት 7 ፓውንድ ከ63 ፔንስ ይቆረጥብኝ ነበር። ለዚህ ድጎማ ገቢ ሲሰላ ሠራተኛው ለጡረታ ካዋጣው ግማሹ ይቀነሳል። ሲቀነስ ገቢዬ ወደ 149 ፓውንድ ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ከ151 በታች ነው። ከ74ቱ ሳምንት 43ቱ ከመጀመሪያውም ዕዳ አልነበሩም ማለት ነው።

እኔ ግን አሁንም «ይቅር፣ ከመንግሥት ጋር ምን አከራከረኝ» አልኩ። የዚያን ጊዜ የመለሰችልኝን አልረሳውም፦ «እውነት መናገር ማለት ያላደረግሽውን መናዘዝ አይደለም።»

የቀሩት 31 ሳምንታት ግን ነበሩ። በእነዚያ ሳምንታት ጡረታ አልገባሁም ነበር፤ የሚቀነስ ሌላ ወጪም አልነበረኝም። ደመወዝሽ ሲለወጥ አሳውቂ የሚለው ዓመታዊ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንድ የምንተዋወቅ ሰው «ደብዳቤው አልደረሰኝም በያቸው፤ ማን ያረጋግጣል?» ብሎ መከረኝ። ወገኖች፣ አልዋሻችሁም፣ ፈተነኝ። ገንዘቡ ለእኛ ቤት ብዙ ነው። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን የደመወዝ መረጃ ከግብር ሰብሳቢው እየደረሰው ሳያስቆመኝ ያን ያህል ጊዜ መቆየቱ ያበሳጨኝ ነበር፤ ይህንንም በደብዳቤዬ ጻፍኩት። ሆኖም የእነርሱ መዘግየት የእኔን ያልተከፈተ ፖስታ አይከፍተውም። «ደብዳቤው ደርሶኛል፣ አላነበብኩትም» ብዬ ጻፍኩ። የጡረታውን ማስረጃ አያይዤ፣ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ላክሁ።

መልሱ የመጣው በጁን ነው። የ43ቱ ሳምንት ዕዳ፣ 3,521 ፓውንድ ከ70 ፔንስ፣ ተሰረዘ። የ31ዱ ሳምንት 2,379 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ጸና። የቤታችንን ገቢና ወጪ አሳይተን በወር 60 ፓውንድ እንድከፍል ተስማማን። ሲሰላ 40 ወር ገደማ ይሆናል። እየከፈልኩ ነው። ተአምር ሆኖ ሁሉ ተሰረዘልኝ ብዬ ብመሰክር ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆነም። የሆነው የእኔ ያልሆነው ከላዬ መውረዱ፣ የእኔ የሆነውን ደግሞ ቀና ብዬ መክፈሌ ነው። እንቅልፌም ተመልሷል።

በተመሳሳይ ነገር ውስጥ ላላችሁ ጥቂት ልበል። ብቻችሁን አይደላችሁም፤ በ2024 ይህን ዓይነት ዕዳ የሚከፍሉ ተንከባካቢዎች በዚህ አገር ከ130 ሺህ በላይ እንደ ነበሩ ተዘግቧል። ጉዳዩ ብዙ ስላነጋገረ መንግሥት በዚያው ዓመት ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ አዘዘ፤ የገቢው ጣሪያም በኤፕሪል 2025 ወደ 196 ፓውንድ ከፍ ብሎ ነበር። ቡናማውን ፖስታ በመጣበት ቀን ክፈቱት። ቀኑን ቁጠሩ፤ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የሚጠየቀው በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ያም ካልተሳካ ለገለልተኛ ዳኞች ይግባኝ ማለት ይቻላል። የደመወዝ ወረቀታችሁን ሰብስቡ፤ የጡረታ መዋጮ፣ ለሥራው ያወጣችሁት ወጪ፣ እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ ለሚተካችሁ የቅርብ ዘመድ ላልሆነ ሰው የከፈላችሁት ሊቀነስ ይችላል። ሲቲዝንስ አድቫይስ ያሉ በነጻ የሚያማክሩ ድርጅቶች አሉ። መክፈል ካለባችሁም አቅማችሁን አሳይታችሁ በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲሆን ጠይቁ። እናንተ በጉባኤ ያላችሁ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሲነግራችሁ በሩ ላይ እንደ ቆመው የዮሴፍ ቤት አዛዥ ሁኑለት። አስቀድማችሁ ሰላም በሉት።

ገና ጌታን ለማወቅ እየፈለግክ፣ እየፈለግሽ ይህን የምታነብቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔን 2,379 ፓውንድ በየወሩ እከፍለዋለሁ፤ አንድ ቀንም ያልቃል። በእግዚአብሔር ፊት ያለብኝን የኃጢአት ዕዳ ግን በ40 ወርም በ40 ዓመትም ከፍዬ አልጨርሰውም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆላስይስ 2 ላይ እንደሚያስረዳን፣ ያን በእኛ ላይ የቆመ የዕዳ ጽሕፈት ክርስቶስ በመስቀል ላይ ቸንክሮ ከመንገድ አስወግዶታል። ያኛው ዕዳ በየወሩ አይከፈልም፤ ተከፍሏል። ይህኛውን ያለ ፍርሃት የምከፍለውም ያኛው ስለ ተከፈለልኝ ነው። በባልዲ ሥር የተደበቀ ነገር ካላችሁ አውጡት። እርሱ አይቶታል፣ ደጁ ላይም ይጠብቃችኋል።

ጌታ ሆይ፣ የደበቅነውን ታውቃለህ። የእኛ ያልሆነውን የምንመልስበት ድፍረት፣ ያላደረግነውንም የማንሸከምበት ማስተዋል ስጠን። ዛሬ ሌሊት በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የተቀመጡትን አጽናቸው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።