ሰማንያ ሊትር

1
ንፋስ መውጫ፣ የገበያ ቀን። ልባሽ ሻጩ አንድ ትልቅ የተራራ ቦርሳ ሰቅሏል። አንድ ሽማግሌ ማንገቻውን ጎተት ጎተት አደረጉት።
«ስንት ኪሎ ይችላል?»
«ሰማንያ ሊትር ነው፣ አባባ።»
«ጠላ ነው እንዴ የሚሞላበት?»
ሳይገዙ ሄዱ። ጆንያቸውን ጫንቃቸው ላይ ጥለው።

2
የእንዲህ ያለ ቦርሳ ዋና ነገሩ የወገብ ቀበቶው ነው። ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ አብዛኛው ክብደት ከትከሻ ወርዶ ዳሌ ላይ ያርፋል። ሲመረጥም የሚለካው የሰውየው ቁመት ሳይሆን ጀርባው ነው፤ አንገት ሥር ጎላ ብላ ከምትወጣው አጥንት እስከ ዳሌ አናት። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጠግቶ ይቀመጣል።
የተሰቀለው ቦርሳ ቀበቶ የለውም። ሻጩን ጠየቅሁት።
«ቆረጥነው። ይከብዳል።»

3
ቦርሳ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክር አለ፦ ከክብደትህ አንድ አምስተኛ ገደማ ተሸከም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ መሆኑ ነው።
ከምንጭ በምትመለስ ልጅ ጀርባ ላይ ያለው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ልጅቷ ስንት ትመዝናለች? የመዘናት የለም።

4
እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የኬንያ የሉዎና የኪኩዩ ሴቶችን ተመልክቶ ነበር። የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ ያህል ሲሸከሙ ተጨማሪ ጉልበት አያወጡም ይላል። ከዚያ ካለፈ ግን ያወጣሉ።
ይህን የነገርኩት ወዳጄ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «በለው! ሴቶቻችንም አይደክማቸውም ማለት ነው።»
ውሃ ቀድቶ አያውቅም።

5
አህያ ጀርባዋ ከተላጠ ባለቤቷ ከጭነቱ ሥር ጨርቅ ይደርብላታል። ከባሰባትም ያሳርፋታል። ሰውም «አህያዋን ጎዳሃት» ብሎ ይቆጣዋል።
እንጨት የተሸከመች ሴት ገመዱ ደረቷን ሲቆርጣት ነጠላዋን አጥፋ ታስገባበታለች። ራሷ ናት የምታስገባው።

6
አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል ነው። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። መንገዱ እየተጠረገ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በበኩሉ ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ነበር።
መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ ምስሉም አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሟል። የጎታቾቹን ስም ብጠይቅ የአንዱንም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

7
ሰሜን ተራሮች። ቱሪስቱ ስለ ቦርሳው ብዙ ያወራል፦ ስለ ብረት ዘንጉ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ኪሶቹ። ጉዞው ሲጀመር ቦርሳው በቅሎ ላይ ተጫነ። ባለቤቱ ውሃና ካሜራ ይዞ ከኋላ ይከተላል።

8
የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ከእስቴም ከላይ ጋይንትም በኩል ከብትና በግ እየነዱ ሽቅብ የሚወጡ ልጆች አሉ። ተራራ ወጪ ብሎ የሚጠራቸው የለም።

9
ስማዳ፣ እሑድ ከሰዓት። የገጠር ተማሪዎች ወገዳ ከተማ ተከራይተው ወደሚኖሩባት ክፍል ይመለሳሉ። ጀርባ ላይ የሳምንት ስንቅ በማዳበሪያ ከረጢት፦ ዱቄት፣ ድርቆሽ፣ በሶ። ደረት ላይ የደብተር ቦርሳ። ቦርሳው የአንድ የእንግሊዝ ክለብ አርማ አለበት፤ ማንገቻው በሽቦ ተጠግኗል።
ቀበቶ የቆረጠው ሻጭ ይህን ጥገና ቢያየው ምን እንደሚል እንጃ።

10
ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ክፍያው በእህል በሚሆንበት ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው፤ ለአምስት ሰው ቤት 75። ለዚህም እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ ቀኑ በመዝገብ ይያዛል። እህሉን ከመጋዘን ቤት ድረስ መሸከም ግን ከሥራ ቀን አይቆጠርም።