ኢንፍሉዌንዛ በቤታችን

ጉንፋንን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ አፍንጫን እያሳከከ ቀስ ብሎ ይገባል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ይጥላል። ከኮሌጅ ማደሪያው ወደ መካኒሳ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ምሳ ሲበላ ደኅና ነበር፤ ሲመሽ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ተደራርበው ከአልጋ ጣሉት።

እናቴ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ልታስገዛ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ ግን በሽታው ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ያ መድኃኒት እንደማይፈውሰው ነግረዋት፣ ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል አዘዙ፤ ትንፋሽ ካጠረው ሳንውል ሳናድር ሆስፒታል እንድንወስደውም አስጠነቀቁ።

የእኔ ሥጋት አያቴ ነበሩ። ጓደኞቼ ሆይ፣ በሽተኛው ሕመሙ ሳይሰማው ከአንድ ቀን አስቀድሞ እንኳ ያስተላልፋል፤ በአረጋውያንም ላይ ይበረታል። ስለዚህ ወንድሜን ለብቻው አስተኝተን መስኮቱን ከፈትን፤ እጃችንንም በሳሙና አዘወተርን። አያቴ ብርድ ይገባል ብለው ተቆጡ፤ ጢስ ይሻላል አሉ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ከእናታቸው ሰምተዋልና አልፈርድባቸውም። ያም ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው በዚሁ የተነሣ ነው። መጥረጉን እወደዋለሁ፤ ጢሱ ግን የሚያስለውን ሰው ከማስጨነቅ በቀር ለዚህ በሽታ አይረዳም።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ፈተና አለብኝ ብሎ ተነሣ። በአንድ ክፍል ስንት ሆነው እንደሚያድሩ ብጠይቀው «ስድስት» አለኝ። ያለ መድኃኒት ትኩሳቱ ለቆት አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፍ እንዳይሄድ ነርሷ ነግረውት ነበርና ተመልሶ ተኛ። አያቴን እስካሁን አላሳላቸውም፤ እኔ ግን ሌሊት ሌሊት በራቸው ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ።